የጓሮ ጎመናችንን ከትል እንጠብቅ

በቤቱ ጓሮ ጎመን፣ ሰላጣና ቲማቲም የሚተክል ሰው ሁሉ አንድ ሥውር ጠላት አለው። ይህም ጠላት ቅጠል በል ትል ነው። የቤት እመቤት በማለዳ ወጥታ ስትመለከት የጎመኑ ቅጠል እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ታገኘዋለች። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተናድዶ እጁ የገባውን መርዝ ሁሉ ይረጫል። ዳሩ ግን ያው ጎመን በማግሥቱ ለልጆች ምሳ የሚቀርብ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ስለዚህ ትሉን ለማጥፋት ስንል ቤተሰባችንን እንዳንጎዳ፣ አስቀድሞ የትሉን ጠባይ ማወቅ እንደሚያስፈልግ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመግለጥ እንወዳለን።

ትል የእሳት ራት ልጅ ነው። የእሳት ራቷ በቅጠሉ ላይ ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ ዕንቁላሉም ተፈልፍሎ ትል ይሆናል። ትሉ በልቶ ካደገ በኋላ ተሸፍኖ ያርፍና የእሳት ራት ሆኖ ይወጣል።

በጓሯችን የሚገኙት ትሎች ልዩ ልዩ ናቸው። አንደኛው ርዝመቱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ አረንጓዴ የጎመን ትል ነው። ሲነኩት ይወራጭና በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ይወርዳል። በሞቃት አየር በ3 ሳምንት ያህል የእሳት ራት ለመሆን ስለሚበቃ ፈጥኖ ይባዛል። ሁለተኛው ቆራጭ ትል ነው፤ ቀን ዐፈር ውስጥ ተሸሽጎ ይውልና ሌሊት ወጥቶ ችግኙን ከግንዱ ይቆርጠዋል። ሦስተኛው ጓይ ትል ሲሆን የቲማቲሙን ፍሬ ሰርስሮ ይገባል።

መርዝ ብቻውን መድኃኒት እንዳይደለ ታሪክ ይመሰክራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. በጃቫ ደሴት ይኸው ትንሹ የጎመን ትል ዲ.ዲ.ቲ. የተባለውን መርዝ ለመቋቋም መቻሉ ተገልጧል። ከዚህም በላይ መርዙ በትሉ አካል ውስጥ ዕንቁላላቸውን እየጣሉ የሚያጠፉትን ጥቃቅን ተርቦች ይገድላል። ወዳጆቻችን ከሞቱ በኋላ ትሉ ያለ ተቃዋሚ ይሠለጥናል።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይገባል? በመጀመሪያ፣ ቢቻል በየቀኑ ቅጠሉን ገልብጦ ጀርባውን መመልከት፣ ዕንቁላሉን በጣት መደምሰስ፣ ትሉንም ለቅሞ በሳሙና ውሃ ውስጥ መጣል ነው። ለትንሽ ጓሮ ከዚህ የበለጠ ዘዴ የለም።

ሁለተኛ፣ ቆራጭ ትልን ለመከላከል ከላይና ከታች የተከፈተ ጣሳ በችግኙ ዙሪያ አድርጎ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ዐፈር ማስገባት ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ጎመኑ ካለቀ በኋላ ግንዱን ነቅሎ መደቡን መቈፈርና ዶሮዎችን መልቀቅ፣ በሚቀጥለውም ጊዜ በዚያው መደብ ጎመን ሳይሆን ሽንኩርት ወይም ባቄላ መትከል መልካም ነው።

አራተኛ፣ የኒም ዛፍ በሚገኝበት አገር ግማሽ ኪሎ የደረቀ የኒም ፍሬ ወቅጦ፣ በ10 ሊትር ውሃ ዘፍዝፎ ማሳደርና አጥልሎ ወደ ማታ መርጨት ይቻላል። የፀሐይ ብርሃን ኃይሉን ስለሚያደክመው በቀትር መርጨት አይጠቅምም።

ይህ ሁሉ ሳይበቃ ቀርቶ መድኃኒት መግዛት ግድ ቢሆን፣ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ከተባለው ረቂቅ ሕይወት የተሠራውን መምረጥ ይሻላል። ትሉ ከቅጠሉ ጋር ሲበላው ሆዱ ታሞ መብላቱን ይተዋል፤ በጥቂት ቀንም ይሞታል። ትሎቹ ገና ትንንሽ ሳሉ ቢረጭ የበለጠ ይሠራል። ማናቸውም መድኃኒት ቢሆን በዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠንና ከርጭት እስከ መልቀሚያ የተወሰነውን ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው። መድኃኒቱን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ ግን ሕፃናትን ለሞት ስለሚያደርስ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። አንዲት ዕንቁላል ዛሬ በጣት መደምሰስ፣ ከብዙ ትል ጋር ነገ ከመታገል ይቀላልና ጓሯችንን ዘወትር እንጎብኝ።