ባሕር ማዶ ያደገው ልጅ፦ ተረትና እውነታ

በጉንደ ወይን ገበያም ሆነ በደብረ ማርቆስ «ልጇን ለማደጎ ሰጠች» ሲባል የሰሚው ሐሳብ የሚሄደው ወደሚያውቀው ነው። ልጅ ለአክስት ይሰጣል፣ መውለድ ላልቻለ ዘመድ ይሰጣል፣ ከተማ ላለ አጎት ለትምህርት ይላካል። ለፋሲካ መጥቶ የእናቱን ጉልበት ስሞ ይመለሳል፤ ሁለት ቤት ይኖረዋል እንጂ አንዱን አያጣም። ስለ ውጭ ማደጎ የሚወራው ስሕተት አብዛኛው ከዚህ የሚመዘዝ ይመስለኛል።

«አድጎ ይወስደኛል» የሚለውን እንይ። የእኛ ሕግ የአገሩን ልማድ ይመስላል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይደነግጋል፤ ምርጫ የግድ ሲሆን ብቻ የአሳዳጊው ቤተሰብ ይቀድማል። አሜሪካ ግን ገመዱ ይቆረጣል። ልጁ አዲስ የልደት ወረቀት ይወጣለታል፣ በሕግ ፊት ወላጆቹ አሳዳጊዎቹ ብቻ ይሆናሉ። የኢሚግሬሽን ሕጉም ወላጅ እናት ወይም አባት በዚያ ልጅ በኩል የመኖሪያ ፈቃድ እንዳያገኙ በግልጽ ይከለክላል። ልጁ ዜጋ ቢሆን፣ አድጎ ራሱን ቢችል፣ እናቱን ለመውሰድ ቢለምንም እንኳ። የውጭው ማደጎ ሲፈረም አስተርጓሚው «ጉዲፈቻ» አለ፤ እናትም የምታውቀውን ጉዲፈቻ ሰምታ ፈረመች።

«የሄዱት ሁሉ ወላጅ የሌላቸው ናቸው» የሚለው ተረት ደግሞ በብዛት የፈረንጁ ነው። ዩኒሴፍ ወላጅ አልባ ብሎ የሚቆጥረው አንድ ወላጁን ብቻ ያጣውንም ጨምሮ ነው። እኛስ ብንሆን አባቱ የሞተበትን፣ እናቱ ጓዳ እያለች፣ የሙት ልጅ እንል የለ? ከሄዱት ብዙዎቹ በሕይወት ያለ ወላጅ ነበራቸው፤ ያስፈረመው ድህነት ነው። በ2002 ዓ.ም. ገደማ በአንድ የበጀት ዓመት ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ወደ አሜሪካ ሄደዋል። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ይታይ የነበረውን የማደጎ ጉዳይ ወደ 5 አወረደው።

«ፈረንጅ ጋ የገባ ልጅ አለፈለት» ይባላል። ብዙዎቹ በፍቅር አድገዋል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን ግዛት አንዲት ኢትዮጵያዊት ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ እጅ ሞታለች፤ እነሱም በ2013 ጥፋተኛ ተብለዋል። ክሱ ላይ ዕድሜዋ አከራካሪ ስለነበር አስከሬኗ ከመቃብር ወጥቶ ተመረመረ። የገጠር ልጅ የልደት ወረቀት ከየት ይመጣል? ሁሉን አቀፉ ምዝገባ በአገራችን የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ዕድሜ የሚቆጠረው በአዝመራና በክርስትና ቀን ነበር።

«አማርኛው በደሙ አለ፣ ሲመጣ ይናገራል» የሚሉም አሉ። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኮሪያ ተወልደው ከ3 እስከ 8 ዓመታቸው ወደ ፈረንሳይ የተወሰዱ ሰዎችን መረመረ፤ አድገው የኮሪያኛ ዓረፍተ ነገር ከሌላ ቋንቋ መለየት አቃታቸው። ከ11 ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ጥናት፣ ከቻይና በሕፃንነታቸው ሄደው ፈረንሳይኛ ብቻ በሚናገሩ ልጆች አእምሮ ውስጥ የቻይንኛ ድምፅ ዱካ አገኘ። እንግዲህ አፉ ጠፍቷል፣ ጆሮው የሆነ ነገር ይዞ ሊሆን ይችላል። ልጁ ከእናቱ ፊት ተቀምጦ በአስተርጓሚ ሲያወራ «ኩራት ነው» ብሎ መተርጎም ታዲያ ነውር ነው።

የመጨረሻው «በሩ ተዘግቷል፣ የሄደው ሄዷል» ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን የከለከለው ለሚመጣው ነው እንጂ ያለፈውን አልሻረም። የሄዱት አሁን ጎልማሶች ናቸው፤ የትውልደ ኢትዮጵያውያንን ቢጫ ካርድ ማውጣት ይችላሉ፣ ዘመድ ፍለጋም ይመጣሉ። የያዙት ወረቀት ላይ ስማቸው ተለውጦ፣ ዕድሜያቸው ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። የሄደውን ልጅ የክርስትና ስም፣ ያነሳችውን የክርስትና እናት፣ የተጠመቀበትን ደብር የምታስታውሱ ካላችሁ ዛሬውኑ ጻፉት፤ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ቅጂ እጃችሁ ካለም አትጣሉት።