ዝነኞቹ በማለዳ መንገድ ላይ

ስመ ጥር ሰውን በቅርብ የማየት ናፍቆት ያደረበት የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ በታላላቅ ሆቴሎች ደጃፍ ቆሞ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ለኪዳን ጸሎት ከሚወጡት ምእመናን ጋር ማልዶ ተነሥቶ የእንጦጦን አቀበት ቢያያዘው ምኞቱ ሳይሠምርለት አይቀርም፤ ከዚህች ከተማ ሰዎች ዝናቸው ዓለምን ያዳረሰው ከሁሉ በፊት ሯጮቹ ናቸውና፣ ሯጭ ደግሞ እንደ ተዋናይ በመጋረጃ ተከልሎ ሙያውን ሊያሰናዳ አይቻለውም።

ወደ ተራራው የሚስባቸው ከፍታው ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስትሆን፣ የእንጦጦ ጫፍ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ በዚያ አየሩ ሳሳ ስለሚል፣ ለረጅም ጊዜ የለመደው ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙትን የደም ሕዋሳት ያበዛል። ስለዚህም ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ በጫኑባት በእንጦጦ ማርያም አካባቢ፣ ነጠላ የተከናነበች እናትና የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ በአንድ ጠባብ መንገድ ይተላለፋሉ።

ይሁንና ማየት ሌላ፣ መለየት ሌላ። ሯጮቹ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ቱታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ በባሕር ዛፉ መካከል ሲጥመዘመዙ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ዐዋቂ ተመልካች ግን ፊትን ትቶ አሯሯጥን ያያል። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. መባቻም በሲድኒ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ በልጅነቱ በአሰላ አካባቢ ደብተሩን ታቅፎ ትምህርት ቤት ድረስ ይሮጥ ስለ ነበር፣ የግራ ክንዱን ሸጎጥ የማድረግ ልማድ አብሮት ቀርቶ ነበር፤ ይህን የሚያውቅ የሰፈር ልጅ ከሩቅ ሊለየው ይችል ነበር።

ሰላምታውን በተመለከተ፣ «አይዞህ! በርታ!» ብሎ ማለፍ ይበቃል። ፎቶግራፍ አብረን እንነሣ እያሉ በልምምድ ላይ ያለን ሰው ማስቆም፣ በእኔ አስተያየት፣ ገበሬን ከሞፈሩ አስቁሞ ወግ እንደ መጀመር ያለ ድፍረት ነው። አቀበቱ የከበደው ሰው ከረፋዱ በኋላ ቦሌ መንገድ ወርዶ፣ ኃይሌ በባለቤቱ ስም በሰየመው በዓለም ሕንጻ ዙሪያ ዕድሉን ሊሞክር ይችላል።

ደግሞም አብሮ መሮጥ አለ። በኅዳር 1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲጀመር፣ 10,000 ያህል ሕዝብ ከኃይሌ ጋር በአንድ መሥመር ላይ ተሰለፈ፤ አንደኛ የወጣው ራሱ ስለ ሆነ ግን፣ እርሱን ለማየት ሲሉ ለተመዘገቡት ሰዎች ሩጫው ከመጀመሩ በፊት የነበሩት ጥቂት ደቂቃዎች ይሻሉ ነበር።