ፖስተራችሁ ፊት ማን ይቆማል?

አሞራ ገደል በጠዋት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ጀልባዎቹ ዓሣቸውን ጭነው ወደ ሐይቁ ዳር ሲጠጉ አባ ኮዳዎቹ እንደ ዕድር ዳኛ ኮስተር ብለው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ልጆቹ ቆሮሶውን ገፈው ሥጋውን ሲለዩት እጃቸውን ዓይን አይከተለውም። አንዱ ጥብስ ያዛል፣ አንዱ ሾርባ። ጎረምሳው ደግሞ ጥሬውን! "ኧረ ትል አለው ይባላል" ብትሉት ይስቅባችኋል። "ዳጣው ይገድለዋል ባክህ!"

ይኸውላችሁ፣ አይገድለውም። ከሐዋሳ ሐይቅ በተያዙ ዓሦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ኮንትራኬኩም የሚባል ክር መሳይ ትል እጭ አግኝተዋል። ትሉ የሚያድገው ዓሣ በሚበሉ ወፎች ሆድ ውስጥ ነው፤ እጩ ግን በዓሣው ውስጥ ይቆያል። ሰውን የሚያጠቃው አልፎ አልፎ ነው። ይሁን እንጂ አዋዜም ሆነ ሎሚ ዋስትና አይሆንም። መፍትሔው የዓሣው ውስጡ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ማብሰል፣ ወይም ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ለ7 ቀን ማቀዝቀዝ ነው።

ታዲያ ይህ ነገር ጎረምሳው ጆሮ ለምን አልደረሰም? እንግዲህ የዛሬው ጨዋታችን እዚህ ላይ ነው። ጥናት ተሠርቶ፣ ተጠርዞ፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከመደርደሪያው ወርዶ ሰው ፊት ከሚቆምባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ፖስተር ነው። ይህን አጋጣሚ ደግሞ ብዙዎቻችሁ፣ አትቀየሙንና፣ ታባክኑታላችሁ።

አንዲት የምናውቃት የማስተርስ ተማሪ አለች። ስለ ዓሣ ያጠናችውን ይዛ ስብሰባ ላይ ተገኘች። ፖስተሯ የመመረቂያ ጽሑፏ ነበር ማለት ይቻላል፤ ርዕሱ ብቻ ሦስት መስመር! ፊደሉ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ያክላል። አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመች። ሰዉ በፊቷ እያለፈ ወደ ሻዩ ይጎርፋል። በመጨረሻ አንድ ሽበታም ሰው ቆም አሉና "እሺ ልጄ፣ ምን አገኘሽ?" አሏት። "ጥናቱ የተካሄደው..." ብላ ከመግቢያው ጀመረች። ሰውዬው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ አመስግነው ሄዱ። ልጅቱ ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ችግሩ "ምን አገኘሽ?" ለሚለው ጥያቄ የአንድ አረፍተ ነገር መልስ አለማዘጋጀቷ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ያቺን አረፍተ ነገር ጻፏት። እንበልና በአሞራ ገደል ስለሚሸጥ ዓሣ ነው ያጠናችሁት። "በሐዋሳ ሐይቅ ዓሦች ላይ የሚገኙ የጥገኛ ትሎች ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች ዳሰሳ" ብትሉ መምህራችሁ ደስ ይለው ይሆናል። "ጥሬ ቆሮሶ ውስጥ ትል አገኘን፤ ዳጣ አይገድለውም" ብትሉ ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይቆማል! ኮስታራ መሆን ካለበት "ዳጣ አይገድለውም" የሚለውን አውጡትና የመጀመሪያውን ክፍል አስቀሩት። ግን ግኝቱ ርዕሱ ላይ ይታይ።

ፖስተር በሳይንስ ስብሰባ ላይ የመጣው ብዙ ዘመን አላስቆጠረም። በአውሮፓ በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጨረሻ ተጀመረ፤ በ1974 ደግሞ የባዮኬሚስትሪና የባዮፊዚክስ ሰዎች አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ላይ ተሰብስበው ሞከሩት። ተናጋሪው በዝቶ መድረክና ጊዜ ሲጠብ የተገኘ ዘዴ ነው። ከዚያ ወዲህ ልማዱ ብዙም ሳይለወጥ ቆይቶ፣ በ2019 ማይክ ሞሪሰን የሚባል የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂ የዶክትሬት ተማሪ አንድ የካርቱን ቪዲዮ ለቀቀና ዓለምን አነጋገረ። ያለው ነገር ቀላል ነው። መሀሉን ባዶ አድርጉና ዋናውን ግኝት በትልልቅ ፊደል ጻፉበት፤ ዝርዝሩ ወደ ጎን ይሂድ፤ ሙሉ ጽሑፉን የፈለገ ደግሞ በስልኩ ኪው አር ኮዱን ያንሳ። ሁሉም አልወደደለትም። መሀሉን እንዲህ ማስፋት ሥዕልና ግራፍ ያሳጣል ያሉ አሉ። እኛ ስንፈርድ ግማሽ መንገድ መሄዱ ይበቃል፤ ግኝቱ ይተልቅ፣ አንድ ጥሩ ሥዕል አጠገቡ ይኑር።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የተለመደው መጠን ኤ ዜሮ የሚባለው ነው፤ 84.1 በ118.9 ሴንቲ ሜትር። ይህ ማለት ልክ 16 ኤ4 ወረቀት ነው። ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፤ ፖስተሩን በሙሉ አሳንሳችሁ አንድ ኤ4 ላይ አትሙትና በእጃችሁ ይዛችሁ አንብቡት። ዓይናችሁን ካጨናበሳችሁ ትልቁም ላይ አይነበብም። ለአካሉ ጽሑፍ ከ24 ነጥብ አትውረዱ፤ ርዕሱ 85ና ከዚያ በላይ ይሁን። የኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። "ሱ" እና "ሲ" የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ ከሁለት ሜትር ርቀት ደቀቅ ብለው ሲታዩ መንታ ናቸው። በአማርኛ ስትጽፉ ፊደሉን ከእንግሊዝኛው ጨመር አድርጉት።

እስቲ ማተሚያ ቤት የደረሰበት ይናገር! በፓወር ግዕዝ የጻፋችሁትን በፍላሽ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የልጁ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ አልተጫነም፤ ስትከፍቱት የማይነበብ የላቲን ፊደል ሰልፍ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስብሰባው ደግሞ ነገ ጠዋት ነው። ፋይሉን ቤታችሁ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ፣ ፊደሉ አብሮት መቀመጡን ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ አረጋግጡ። የባነር ጨርቅ ላይ ብታሳትሙት ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ይሄዳል፣ አይቀደድም። ቢጫ ፊደል በነጭ ላይ የሚባል ነገር ግን ይቅርባችሁ። አረንጓዴ ቢጫ ቀዩንም ለበዓል ተዉት፤ በተለይ ግራፍ ላይ አረንጓዴና ቀይን መለየት የሚቸግራቸው ወንዶች ጥቂት አይደሉም።

አቀራረቡስ? ፖስተሩ ፊት አትገተሩ፤ ጎን ቁሙ። ጀርባችሁን ለሰው ሰጥታችሁ ከግድግዳው ላይ አታንብቡ። የ30 ሰከንድና የ2 ደቂቃ ንግግር ለየብቻ አዘጋጁ፤ አጭሩን ሳይንስ ለማያውቅ ሰው፣ ለእናታችሁ ወይም ለሰፈር ልጅ ተናግራችሁ ሞክሩት። እናታችሁ "ታዲያ ዓሣ እንብላ ወይስ አንብላ?" ካለቻችሁ ገብቷታል ማለት ነው። ስንት ዓሣ እንደመረመራችሁ ቁጥሩን ጎላ አድርጋችሁ ጻፉ፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። የማታውቁትን ከተጠየቃችሁ "እሱን አላየሁትም፣ ልጻፈው" በሉና ጻፉት። እየቀባጠሩ ከመላብ ይሻላል።

የኢትዮጵያ የዓሣና የውሃ አካላት ሳይንስ ማኅበር በየዓመቱ ጉባኤ ያደርጋል፤ ዩኒቨርሲቲዎችም የጥናት ቀን አላቸው። እዚያ አቅርቡ። ሲያልቅ ግን ባነሩን ጠቅልላችሁ አልጋ ሥር አትክተቱት። በአማርኛና በሲዳሙ አፎ አንድ ቅጂ አዘጋጁ፤ ጽሑፉ ከአስር መስመር አይብለጥ። ሆዱ የተከፈተ ቆሮሶ ሥዕል፣ ትሉ ላይ ቀስት፣ ከሥሩ የሚጤስ ድስት። ዓሣ አስጋሪዎቹን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ እንጀራቸው ነውና "ዓሣ አትብሉ" ሳይሆን "አብስላችሁ ብሉ" የሚል መሆኑን አሳዩአቸው። ከዚያ አሞራ ገደል ጀልባው ሲደርስ አጠገቡ ቁሙ። ስትሰቅሉት ግን አባ ኮዳዎቹ ከሚያርፉበት ዛፍ ሥር እንዳይሆን፤ ከላይ የሚለቁትን ታውቃላችሁ።