የኅዳር ጭስ በሽታውን አቆመው? ስለ ምክንያትና ውጤት ጥያቄዎች ተረትና እውነታ

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሙታኗን የሚቀብርላት ሰው እስክታጣ ድረስ ታመመች። በሽታው ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በወሩ ስም «የኅዳር በሽታ» አለው። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ጠንቶባቸው ነው የተረፉት፤ በኋላም «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው የሞተው ሰው ከ10,000 እንደሚበልጥ ጽፈዋል። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ከአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ ጀምሮ በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠራርጎ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ከትልልቆች የሰማነው ማብራሪያም አጭር ነው፦ ከተማው ተጠረገ፣ ቆሻሻው ነደደ፣ ጭሱ በሽታውን አባረረው።

ይህን ማብራሪያ ሦስት መስመር አድርጋችሁ ወረቀት ላይ ብታሰፍሩት፣ «የመከራከሪያው ድክመት የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ይወጣዋል። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ በአፕቲትዩድ ፈተና፣ ማስተርስ ለመማር የተዘጋጀ ሰው ብዙዎች ጋት በሚሉት የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ አሜሪካ ሕግ ሊማር ያሰበ ደግሞ በኤልሳት እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይገጥመዋል። ኤልሳት ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የእንቆቅልሽ ክፍሉን ስላስወጣ፣ መከራከሪያ የሚመረመርበት ክፍል ክብደቱ ጨምሯል። ተፈታኞች ነጥብ የሚጥሉት ጥያቄው ከዐቅማቸው በላይ ስለሆነ አይመስለኝም። ስለ ምክንያትና ውጤት የምናምናቸው፣ ሲነገሩ ትክክል የሚመስሉ ተረቶች አሉ፤ የሚያሳስቱን እነሱ ናቸው።

ተረት፦ አንድ ነገር ከሆነ በኋላ ሌላው ከተከተለ፣ የፊተኛው የኋለኛው ምክንያት ነው።

የኅዳር ጭስ መከራከሪያ የቆመው በዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ጭሱ ባይኖርስ ምን ይሆን ነበር?» የሚለው ነው። መልሱ ከሌሎች ከተሞች ይገኛል። በዚያው ዓመት ቆሻሻ ያላቃጠሉ፣ ዕጣን ያላጨሱ በርካታ የዓለም ከተሞችም በሽታው ገብቶባቸው፣ ጥቂት ሳምንታት አስጨንቋቸው፣ ከዚያ ቀንሷል። እንዲህ ያለ ወረርሽኝ በአንድ ከተማ ሊይዘው የሚችለው ሰው ሲያንስ በራሱ ይበርዳል። ጭስ ባለበትም በሌለበትም ያው ነገር ከሆነ፣ የጭሱ ድርሻ አልታየም ማለት ነው።

ይህን ስል የዚያን ዘመን ሰዎች ማሳነሴ አይደለም። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት ከተማ፣ ሞት በየበሩ ቆሞ ሳለ፣ ሰፈርን ማጽዳት ሰው ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነበር። ጽዳቱ ለሌላ በሽታም ይጠቅማል። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ «ጭሱ ኢንፍሉዌንዛውን አቆመው» የሚለው ድምዳሜ ከቀረበለት ማስረጃ ይወጣል ወይ? አይወጣም።

ተረት፦ መከራከሪያው ስሕተት ካለበት ድምዳሜው ሐሰት ነው።

ይህኛው ጎበዝ ተፈታኞችን ይጥላል። በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ኮሌራ ገብቶ ሳለ፣ ሐኪሙ ጆን ስኖው በሽታው በውኃ እንደሚተላለፍ ያምን ነበር። ብሮድ ስትሪት በተባለው መንገድ የሚገኘው የውኃ ፓምፕ እጀታ እንዲነቀል አስደረገ፤ ሞቱም ቀነሰ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እዚህ ላይ እያቆመ ነው። ነገር ግን እጀታው ከመነቀሉ በፊት ወረርሽኙ መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ የሰፈሩ ሰውም በብዛት ሸሽቶ ነበር። ይህን በሐቅ የጻፈው ራሱ ስኖው ነው። እጀታውን ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው ከኅዳር ጭስ መከራከሪያ ብዙም አልራቀም።

ድምዳሜው ግን እውነት ነበር፤ ኮሌራ በውኃ ይተላለፋል። ስኖው ያሳመነበት ማስረጃም ሌላ ነው። በደቡብ ለንደን ሁለት ኩባንያዎች ለአንድ መንገድ ቤቶች ጎን ለጎን ውኃ ያቀርቡ ነበር። አንደኛው ከቴምዝ ወንዝ የሚቀዳው የከተማው ፍሳሽ ከሚገባበት ቦታ ነው፤ ሁለተኛው ከዚያ ከፍ ብሎ ይቀዳል። ስኖው በየቤቱ ቆጠረ። በየ10,000 ቤቱ፣ የቆሸሸውን ውኃ በሚጠጡት 315፣ በሌሎቹ 37 ሰው ሞቶ ተገኘ። ሰፈሩ አንድ፣ አየሩ አንድ፣ ኑሮውም ተቀራራቢ ነው፤ ጎልቶ የሚለየው ውኃው ነው።

ስለዚህ በፈተና ላይ «ድክመቱ ምንድን ነው?» ተብሎ ስትጠየቁ፣ «ድምዳሜው እውነት አይደለም» የሚለውን ምርጫ በጥርጣሬ እዩት። የተጠየቃችሁት ከመነሻው ወደ ድምዳሜው የሚወስደው መንገድ የት ላይ እንደተቆረጠ ነው። ስለ ርዕሱ ከዚህ ቀደም የምታውቁትም እዚህ ላይ አይረዳም፤ እንዲያውም ያሳስታል። ድምዳሜው እውነት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ደካማውን መከራከሪያ አይቶ ያልፈዋል።

ተረት፦ ፒያሳን የከተማው እምብርት ያደረጋት ጣልያን ነው።

ስሟን፣ ኬክ ቤቶቿንና ማኪያቶዋን እያነሡ ብዙ ሰዎች እንዲህ ይላሉ። ይህን መከራከሪያ ለመመርመር የቀን መቁጠሪያ ይበቃል። የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ፒያሳ በምንለው ቦታ የነበረው የአራዳ ገበያ ግን በአጤ ምኒልክ ዘመን የከተማው ዋና ገበያ ነበር። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ሥራ ጀምሯል፤ የጣይቱ ሆቴልና የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም የተከፈቱት በዚያው በምኒልክ ዘመን ነው። ሕንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ዐረቡ ሱቅ የከፈተው በዚያው ዙሪያ ነው። ውጤቱ ከምክንያቱ 30 ዓመት ከቀደመ፣ ምክንያቱ ምክንያት አይደለም።

ጣልያን ምንም አላደረገም ማለት ግን አይደለም። የአገሬውን ሰው ከአውሮፓዊው ለመለየት ሲል ዋናውን ገበያ ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወረ። ዛሬ የምናስታውሳት ፒያሳ፣ የወርቅ ቤቶችና የሲኒማ ቤቶች ፒያሳ፣ ግዙፉ የእህልና የከብት ገበያ ከሄደላት በኋላ የቀረችው ናት። ከእሷም ብዙው በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ለትክክለኛው ታሪክ የምጨነቀው አንድ የከተማ ክፍል ማን እንደሠራው ተሳስተን ለልጆቻችን ስንነግር፣ የሠሩትን ሰዎች ስለምንሰርዛቸው ነው።

ተረት፦ ቁጥር ከተጨመረበት ክርክሩ አለቀ።

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ጉዳዩ የእያንዳንዱ ቤት ነውና። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ መሰረዙ ይታወሳል። ኩረጃንና ስርቆትን ለማስቀረት ሲባል፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 ከመቶ። አገር ደነገጠ።

በዚያ ሰሞን ከአንድ ቁጥር ሦስት ድምዳሜ ሲወጣ ሰማን። አንደኛው «ኩረጃው ስለተዘጋ ነው፤ የድሮው ውጤት የውሸት ነበር» አለ። ሁለተኛው «ልጆቹ ከቤታቸው ርቀው፣ በማያውቁት ቦታ፣ ተጨንቀው ስለተፈተኑ ነው» አለ። ሦስተኛው «የትምህርት ጥራት ስለሞተ ነው» አለ። ሦስቱም እውነት ሊኖርባቸው ይችላል። ችግሩ እያንዳንዱ ሌሎቹን በሮች ሳይዘጋ መደምደሙ ነው። እነዚያ ተማሪዎች ከመጋቢት 2012 ጀምሮ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸዋል። በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ተጀምሮ በአማራ፣ በትግራይና በአፋር ትምህርት ቤቶች ወድመዋል። የማለፊያው መስመርም ተለውጧል፦ ቀደም ሲል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ በየዓመቱ ይቆረጥ ነበር፤ በጾታና በአካባቢም ይለያይ ነበር። አሁን 50 ከመቶ ለሁሉም አንድ መስመር ሆነ። «ድሮ ያለፈ» እና «ዘንድሮ ያለፈ» በአንድ መለኪያ የተለኩ አይደሉም።

ቀጣዮቹን ዓመታት ደግሞ እዩ። በ2015 ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 አለፉ፤ 3.2 ከመቶ። በ2016 ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 አለፉ፤ 5.4 ከመቶ። «ማሻሻያው ሠርቷል» ለሚል ሰው ይህ ጠንካራ ማስረጃ ይመስላል። ያለፉት ልጆች ቁጥር በ9,000 ገደማ መጨመሩ እውነት ነው፤ ደስም ይላል። ነገር ግን የተፈታኙ ቁጥር በ170 ሺህ ቀንሷል። የ2016ቱን 36,409 አላፊዎች ለ2015ቱ ተፈታኞች ቁጥር ብታካፍሉት 4.3 ከመቶ ብቻ ይመጣል። ከ3.2 ወደ 5.4 ከታየው ዕድገት ግማሽ ያህሉ የመጣው ከታች ያለው ቁጥር ስላነሰ ነው። በዚያ ላይ በ2016 ከፊሉ ተፈታኝ ፈተናውን በኮምፒውተር ወስዷል። የተፈታኙ ቁጥር ሲቀንስስ እነማን ሳይፈተኑ ቀሩ? ደካሞቹ ከሆኑ፣ ማንም ምንም ሳይሻሻል መቶኛው ይጨምራል። ፈተና አውጪ «ከሚከተሉት መከራከሪያውን ይበልጥ የሚያዳክመው የቱ ነው?» ሲል የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር ነው።

የማጠናከሪያ ትምህርት ማስታወቂያም የሚገባው እዚህ ነው። «እኛ ጋ የተማሩ ልጆች ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አመጡ» ይላል። ገንዘብ ከፍሎ ልጁን የሚልክ ወላጅ ግን መጽሐፍም ይገዛል፣ ቤት ውስጥም ይከታተላል፤ በፈቃዱ የሚሄደው ልጅም ድሮውንም ትጉህ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም፣ ትምህርቱንም ውጤቱንም፣ ያመጣ ሦስተኛ ነገር አለ ማለት ነው። ወይም አቅጣጫው ተገልብጧል፤ ጎበዞቹ ናቸው የሚመዘገቡት።

ተረት፦ «አብሮ መታየት ምክንያት አይደለም» ካልን ነገሩ ዋጋ የለውም።

የደጋ ሰው ለብዙ ዘመን ቆላ ወርዶ ማደር ንዳድ፣ ማለትም ወባ፣ እንደሚያስይዝ ያውቅ ነበር። ትንኝ ወባን እንደምታስተላልፍ የተረጋገጠው በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የቆላው ሙቀትም አየሩም ቀጥተኛ ምክንያት አልነበሩም፤ ሆኖም ሰው ቆላውን በመሸሹ ተረፈ። አብሮ መታየት ፍለጋው የት ይጀመር የሚለውን ይጠቁማል። በፈተና ላይም «ሁለቱ ነገሮች ምንም ግንኙነት የላቸውም» የሚለው ምርጫ ብዙ ጊዜ ከመጠን ያለፈ ነው።

ተረት፦ የስሕተቱን ስም ያወቀ መለሰ።

የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ በሚባለው ኮርስ የስሕተቶችን የላቲን ስም ይሸመድዳል። ስሙ ለኮርሱ ፈተና ይጠቅማል። በመግቢያ ፈተናዎች ግን ምርጫዎቹ የሚጻፉት በተራ ቋንቋ ነው፦ «ሁለቱም ከአንድ ሌላ ነገር ሊመጡ እንደሚችሉ አላሰበም»፣ «ውጤቱን እንደ ምክንያት ወስዷል»። ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት ድክመቱን በራሳችሁ አፍ በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገርን ተለማመዱ።

ተረት፦ ምክንያት አንድ ነው።

አጤ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ የማገዶና የግንባታ እንጨት ከአዲስ አበባ ዙሪያ እያለቀ ነበርና። ከተማው ግን ሳይነሣ ቀረ። «አዲስ አበባን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው» ሲባል የምንሰማው ከዚህ ነው። ዛፉ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገብቶ በፍጥነት በማደጉ የእንጨቱን ችግር እንዳቃለለ አይካድም። ይሁንና የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች ብዙ ገንዘብ አውጥተው ቤት መሥራት ጀምረው ስለነበር መነሣቱን አልወደዱትም፤ ነጋዴውም አራዳ ላይ ተተክሏል።

ይህ ታሪክ ጥያቄ ሆኖ ቢቀርብ፣ መልሱን የሚወስነው ድምዳሜው የተጻፈበት ቃል ነው። ድምዳሜው «ከተማው የቀረው በባሕር ዛፍ ምክንያት ብቻ ነው» ካለ፣ «ሌጋሲዮኖች መነሣቱን ተቃውመው ነበር» የሚለው ምርጫ ያፈርሰዋል። «ባሕር ዛፍ ለከተማው መቅረት አስተዋጽኦ አድርጓል» ካለ ግን ያው ምርጫ አይነካውም፤ የሚነካው «የተተከለው ባሕር ዛፍ ለማገዶ የደረሰው ከተማውን የማዛወሩ ሐሳብ ከተተወ በኋላ ነው» የሚል ምርጫ ቢኖር ነበር።