ሎክሪጆችና ኖርዞች

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ይባላል። ከአንድ የቀለም ብልቃጥ የቀዱ ባልና ሚስት ግን ብዙ አይደሉም፤ ስለ ፍራንሲስና ስለ ሪቻርድ ሎክሪጅ ለመጻፍ የተነሣነውም ስለዚህ ነው። የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ለተማሪ የማይገባ የጊዜ ማጥፊያ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉን። ከእነርሱ ጋር ሌላ ቀን እንከራከራለን። ለዛሬው ጥያቄያችን፣ አንድ መጽሐፍ ሁለት ደራሲ ሲኖረው መጽሐፉ የማን ነው? የሚል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ሁለቱም የተወለዱት በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት ነው፤ እርሷ በ1896፣ እርሱ በ1898። ሁለቱም የጋዜጣ ሰዎች ነበሩ። በ1922 ተጋቡ፤ ኑሯቸውንም በኒው ዮርክ አደረጉ። እርሱ «ኒው ዮርክ ሰን» በተባለው ጋዜጣ የቴያትር ሐያሲ ሆነ። እርሷ በበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ለሕፃናት አሳዳጊ በመፈለግ ሥራ ላይ ነበረች፤ በ1928 ያሳተመችውም መጽሐፍ ልጅን በጉዲፈቻ ስለ መውሰድ የሚያስረዳ ነው። ከዚህ ሥራ እስከ ግድያ ታሪክ ድረስ መንገዱ ሩቅ ይመስላል።

ሚስተርና ሚስስ ኖርዝ መጀመሪያ ሬሳ አይተው አያውቁም ነበር። ሪቻርድ ስለ አንድ ባልና ሚስት የዕለት ኑሮ አጫጭር ቀልዶችን ለጋዜጣው፣ ኋላም «ዘ ኒው ዮርከር» ለተባለው መጽሔት ይጽፍ ነበር፤ በ1936 በመጽሐፍ ወጡ። ከዚያ በኋላ ፍራንሲስ የግድያ ታሪክ ልትጽፍ ትጀምርና ሴራው ተወሳስቦባት መሐል መንገድ ላይ ትቆማለች። ባሏ ነገሩን ሲሰማ እርሱንም ያጓጓዋል፤ «ኖርዞችን ለምን አናስገባቸውም?» የሚል ሐሳብ ያቀርባል። በ1940 የወጣው «ዘ ኖርዝስ ሚት መርደር» የተወለደው እንዲህ ነው፤ ኖርዞች ከግድያ ጋር ሲገናኙ ማለት ነው።

በዚህ መጽሐፍ ፓም ኖርዝ ግብዣ ለማድረግ ታስብና ከሚኖሩበት ቤት በላይ ያለውን ባዶ ፎቅ ለማየት ከባሏ ጋር ትወጣለች። በመታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ራቁቱን የተጋደመ ሬሳ ያገኛሉ። ባሏ ጄሪ መጽሐፍ አሳታሚ ነው፤ የግል መርማሪ አይደለም፤ ፓምም አይደለችም። ምርመራው የፖሊሱ የሌተናንት ዋይጋንድና የሳጅን ሙሊንስ ነው። ሙሊንስ ኖርዞች የገቡበት ጉዳይ ሁሉ ጤና የለውም እያለ ያማርራል። እውነቱን ነው።

እኛን ከሁሉ ይበልጥ የማረከን የፓም አነጋገር ነው። ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ስትዘል ሰሚው መሐል ላይ ይቀራል፤ ባሏ እንኳ አንዳንዴ ሁለት ዓረፍተ ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ይፈልጋታል። ነገር ግን የምትዘለው መንገዱን ስላላወቀች ሳይሆን መሐሉን በልቧ ስለ ጨረሰችው ነው። ይህን ያልተረዱ ብዙዎች ናቸው። በ1942 በተሠራው ፊልም ፓምን እንድትጫወት የተመረጠችው ግሬሲ አለን ነበረች፤ ይህች ተጫዋች የታወቀችው ግራ የሚያጋባ ነገር በመናገር ሕዝቡን በማሳቅ ነው። እንደ እኛ አስተያየት ፊልሙ እዚህ ላይ ተሳስቷል፤ አስተዋይቱን ሴት መሳቂያ አደረጋት። ከዚያ ቀደም በ1941 በብሮድዌይ ቴያትር ሆና ታይታለች፤ ከ1942 እስከ 1954 በራዲዮ፣ ከ1952 እስከ 1954 በቴሌቪዥን ቀርባለች።

ጉድለትም አለ። በመጽሐፍ ላይ መጽሐፍ ፓም መጨረሻው ሲቃረብ ብቻዋን ትሄድና ነፍሰ ገዳዩ እጅ ላይ ትወድቃለች። ሦስተኛውን ስናነብ «አሁንም?» ብለናል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሴራውን ሁለቱ ተቀምጠው ያወጡ ያወርዱ ነበር፤ ብዕሩን የሚይዘው ግን ሪቻርድ ነበር። ይህን ሰምቶ «እንግዲያውስ ደራሲው እርሱ ነው፤ የእርሷ ስም ሽፋኑ ላይ የገባው በፍቅር ነው» የሚል አይጠፋም። ከእኛም አንዳችን እንዲህ ብሎ ነበር። (ይህን ጽሑፍ ሁለት ሆነን ስናዘጋጅ ብዕሩን የያዘው እርሱ ስለሆነ አስተያየቱ አላስደነቀንም።)

ፍራንሲስ በ1963 ሞተች። በዚያው ዓመት የወጣው «መርደር ባይ ዘ ቡክ» ሃያ ስድስተኛውና የመጨረሻው የኖርዞች የምርመራ ታሪክ ሆነ። ሪቻርድ በ1982 እስኪሞት ድረስ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል፤ መጻፉንም አላቋረጠም፤ ከሚስቱ ጋር የጀመሩትን የመርማሪውን የሃይምሪክን ታሪክ ሳይቀር ብቻውን ቀጥሏል። በ1965 ያገባት ሂልደጋርድ ዶልሰንም ደራሲ ነበረች። ኖርዞችን ግን ዳግመኛ አልጻፈም። አንባቢ ይወዳቸው ነበር፤ ብዕሩም እጁ ላይ ነበር። ያ ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና የእርሷን ድርሻ ለመንፈግ ተቸኩሏል ስንል የጻፍነውን ሳይሰርዝ አለፈው።

የት ልጀምር ለሚል አንባቢ የ1940ውን እንመክራለን፤ ገንዳውን ካየ በኋላ መጽሐፉን ማስቀመጥ ስለሚያስቸግረው ግን በፈተና ዋዜማ ባይከፍተው ይሻለዋል።