ደም በማዕከል ተመርምሮ ወደ ሆስፒታሎች የሚሠራጨው ለምንድን ነው?

ከወሊድ ጋር ተያይዞ የሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስ ለእናቶች ሞት ዋነኛ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ አደጋ ሲያጋጥም ሕይወት የሚተርፈው አስቀድሞ የተመረመረ ደም በሆስፒታሉ ሲገኝ ነው። ይህ ጽሑፍ ሆስፒታሎች ደምን በየግላቸው ከመሰብሰብ ይልቅ ከደም ባንክ የሚቀበሉበትን ምክንያትና ከኅብረተሰቡ የሚጠበቀውን ድርሻ ያብራራል።

አሠራሩ

በኢትዮጵያ የደም ባንክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ከአርባ ዓመታት በላይ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሥር ሲሰጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ መንግሥት ተዛውሯል። በአሁኑ ወቅት በአዲስ አበባ የሚገኘው ማዕከልና በየክልሉ ያሉ የደም ባንኮች ከፈቃደኛ ለጋሾች ደም ሰብስበው፣ መርምረውና አዘጋጅተው በአካባቢያቸው ለሚገኙ ሆስፒታሎች ያሠራጫሉ።

ጥቅሞቹ

• ደኅንነት፦ የተለገሰ ደም ሁሉ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለቂጥኝ ይመረመራል። ለዚህም መሣሪያ፣ የምርመራ ግብአት፣ የሠለጠነ ባለሙያና ተከታታይ የጥራት ቁጥጥር ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በእያንዳንዱ አነስተኛ ሆስፒታል ማሟላት አዳጋች ነው።

• በአግባቡ መጠቀም፦ አንድ ከረጢት ደም ወደ ቀይ የደም ሕዋስ፣ ፕላዝማና ፕላትሌት ሊለይ ስለሚችል ከአንድ በላይ ለሆኑ ታካሚዎች ይጠቅማል።

• ብክነትን መቀነስ፦ ደም ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠብቆ በተለመደው አዘገጃጀት የሚቆየው 35 ቀናት ነው፤ ፕላትሌት ግን 5 ቀናት ያህል ብቻ ይቆያል። ክምችቱ የጋራ ሲሆን በአንድ ሆስፒታል ያልተፈለገ የደም ዓይነት ጊዜው ሳያልፍበት ለሌላው ሊደርስ ይችላል።

የሆስፒታሉ ኃላፊነት

ደሙ ከታካሚው ደም ጋር የሚስማማ መሆኑን የማረጋገጥ ምርመራ የሚከናወነው በሆስፒታሉ ነው። ከደም ባንክ ርቆ የሚገኝ ሆስፒታል ደም በድንገተኛ ጊዜ በመንገድ ላይ ሊዘገይበት ስለሚችል ዘወትር መጠባበቂያ ክምችት መያዝ ይኖርበታል።

ለታካሚ ቤተሰቦች

“የዘመድ ደም ይሻላል” የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ዘመድ የሰጠው ደምም ቢሆን ሳይመረመር ለታካሚው አይሰጥም፤ ምርመራው ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። በጭንቀት ውስጥ ያለ ዘመድም ስለ ጤናው የተሟላ መረጃ ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ የአገልግሎቱ መሠረት ያለ ክፍያ፣ በፈቃደኝነትና በመደበኛነት የሚለገስ ደም ነው።

ማን መለገስ ይችላል?

ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደቱ 45 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የሆነና ሙሉ ጤንነት ያለው ሰው በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ግን አይለግሱም። ከልገሳ በፊት የደም ግፊትና የደም መጠን ይለካል።

ለአንዲት ወላድ ዛሬ የሚሰጠው ደም ከቀናት በፊት በሌላ ሰው የተለገሰ ነው። በተለይ ተማሪ ለጋሾች በማይገኙባቸው የክረምት ወራት ክምችቱ እንዳይጓደል፣ የችግር ጥሪ ሳይጠብቁ በአቅራቢያዎ በሚገኝ የደም ባንክ ወይም ጊዜያዊ የደም መለገሻ ጣቢያ ተገኝተው ደም እንዲለግሱ ተጋብዘዋል።