የአጣጥ ሥርና የነቀርሳ ሕክምና

በደቡብ ወሎ፣ በደጎሎና በመካነ ሰላም አካባቢ፣ ጡቷ ላይ እብጠት የዳሰሰች እናት ከጤና ጣቢያ በፊት የባህል ሐኪም፣ ጸበል ወይም ዱዓ ብትመርጥ አያስገርምም። ቅርብ ነው፤ ወጪው ይቀላል፤ ጡቴን ይቆርጡብኛል የሚል ስጋትም የለበትም። «ነቀርሳ ብረት ከነካው ይብሳል» የሚባለውም ያስፈራታል። ክርክሩ ከዚህ ተነሥቶ የአገር ሥርና የፈረንጅ መድኃኒት ባላንጣ ሆነው ይቀርባሉ። አከፋፈሉ ግን ከመነሻው የተሳሳተ ነው። የልጆችን የደም ነቀርሳ የሚያክመው ቪንክርስቲን የተገኘው ከአበባ ተክል፣ ፓክሊታክስልም ከዛፍ ልጣጭ ነው። ለእኛ የሚቀርበው ደግሞ አጣጥ የተባለው ቁጥቋጦ ነው። ኩፕቻን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1972 ሜይታንሲንን ለይቶ ያወጣው ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ዘመድ ነው። ንጥረ ነገሩ የነቀርሳ ሕዋስን በኢምንት መጠን ይገድላል፤ በሰው ላይ ሲሞከር ግን ጤነኛውንም አካል ስለጎዳ ተተወ። የተሻሻለው የሜይታንሲን ዓይነት የታመመውን ሕዋስ ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ፣ ለአንድ ዓይነት የጡት ነቀርሳ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አርባ ዓመት የፈጀው ልፋት መርዙን ወደ በሽታው ብቻ ለመምራት ነበር። የአጣጥን ሥር ቀቅሎ የሚጠጣ ሰው ግን ምን ያህል እንደወሰደ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

«እገሊት በቅጠል ድና የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አብዛኛው የጡት እብጠት ነቀርሳ አይደለም፤ ናሙና ተወስዶ ካልተመረመረ የዳነው ምን እንደነበር አይታወቅም። «ሆስፒታል የሄደችው ግን ሞተች» ለሚለውም መልሱ ጊዜ ነው። ብዙዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዕጢው ከቆሰለና ከተሰራጨ በኋላ በመሆኑ መንደሩ የሚያየው የዘገየውን ሕክምና ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የየል ዩኒቨርሲቲ ጥናት በሽታቸው ገና ያልተሰራጨ ታካሚዎችን አነጻጽሮ፣ አማራጭ ሕክምናን ብቻ የመረጡት የመሞት ዕድላቸው ዘመናዊ ሕክምና ከወሰዱት ሁለት ተኩል እጥፍ፣ በጡት ነቀርሳ ደግሞ ከአምስት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል።

የርቀቱና የወጪው ቅሬታ ግን እውነት ነው፤ ድሃዋን እናት መውቀስ ግፍ ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው፤ ጅማና ሐረር የተጨመሩት በቅርቡ ነው። ጸሎትና ዱዓ መድኃኒት እስካላስቋረጡ ድረስ ከሐኪም ጋር አይጣሉም። የሚጠጣ ቅጠል ግን ጉበትን ሊጎዳ ወይም የኬሞቴራፒውን ሥራ ሊያዛባ ስለሚችል ለሐኪሙ መነገር አለበት። የባህል ሐኪሙም መጀመሪያ የሚታመን ሰው ስለሆነ የማይዘገይበትን ምልክት ቢያውቅ ሕይወት ያተርፋል፦ የማያምም ጠንካራ እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ ወይም ደም የሚያወጣ የጡት ጫፍ፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ደም።